የዩኒቨርሲቲያችን ሙዚየም ውስጥ ልጆች እየነኩና እየሠሩ እንዲማሩ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

የሙዚየም_ሠራተኛ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በባህል ማዕከሉ ሥር ባለች ትንሽዬ ሙዚየም ነው ምሠራው። ሁለት ክፍል ናት፣ ዕቃው በሙሉ ከዚሁ ከአካባቢው ቤተሰቦች የተሰበሰበ ነው፣ እንስራ፣ ጋን፣ ሞሰብ፣ አገልግል፣ የሸማኔ ዕቃ ከነመወርወሪያው፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ጥቂት የብራና መጻሕፍት ምናምን። ከተማው ውስጥ ካሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ይሰለፋሉ፣ እኔ እየዞርኩ አስረዳለሁ፣ በየመሀሉ "አትንኩ" እላለሁ፣ በ20 ደቂቃ ጨርሰው ይወጣሉ። እስከዛሬ እንዲህ ነበር።

በቀደም አራተኛ ክፍሎች መጥተው እንስራው ጋ ቆመን "ይህ በድሮ ጊዜ እናቶቻችን ውሃ ይቀዱበት የነበረ ዕቃ ነው" እያልኩ ሳስረዳ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ አለ፣ አያቴ ጠላ ትጠምቅበታለች" አለችኝ። ከዛ ሌሎቹም እኛም ቤት አለ፣ እኛም ቤት አለ ማለት ጀመሩ። አንዱ ደግሞ "ማዘያው ገመድ የታለ?" ብሎ ጠየቀኝ። የኛ እንስራ ማዘያ የለውም፣ ሲሰበሰብም ማንም አልጠየቀም፣ መስታወት ውስጥ ለብቻው ነው የተቀመጠው። ልጁ ግን እንስራ ያለ ማዘያ ጀርባ ላይ እንደማይወጣ ያውቃል። እኔ ድሮ ያልኩት ነገር እነሱ ቤት ዛሬም ሥራ ላይ ነው፣ እና ከዛን ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

እና ጥያቄዬ፣ ልጆቹ እየነኩ እየሠሩ ሚማሩበት ፕሮግራም መጀመር ፈልጌ ነው። አካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎችም ፈታዮችም ሸማኔዎችም አሉ፣ እነሱን ጠርቶ ማሠራት ነው ሐሳቤ። ግን ዕቃው ቢሰበርስ? ደሞ ክፍያውስ፣ ፋይናንስ ደረሰኝ አምጣ ይላል፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ደረሰኝ ከየት ታመጣለች? አለቆቼ ደግሞ ይሄ የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ለምርምር ነው ይሉኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

አምስተኛ_ክፍል_ቲቸር፦

ከኛ ከመምህራን በኩል ያለውን ልንገርህ ወንድሜ። አንድ ክፍል 60 እና 65 ልጅ ነው ያለው፣ ሁሉንም በአንዴ ጭቃ አስይዛለሁ ካልክ አይሆንም፣ ለሁለት ክፈላቸው፣ ግማሹ ሙዚየሙን ሲያይ ግማሹ ይሥራ ከዛ ይቀያየሩ። እና ከመምጣታቸው በፊት መምህሩን ደውለህ ምን ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ ጠይቀው፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አንተ ጋ መምጣቱ ለኛ ትምህርት የባከነበት ቀን ነው ወይስ ትምህርት የተማሩበት ቀን ነው ሚለውን እሱ ነው የሚወስነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ሳይንስ ላይ ተመልሶ እንደነበረ የሚሆን ለውጥና የማይሆን ለውጥ ሚባል ነገር አለ፣ ቦርድ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌ አስረድቻለሁ፣ ልጆቹ ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም ነበር። አንድ ቀን ገበያ ከምትሸጥ ሸክላ ሠሪ የደረቀ ግን ገና ያልተተኮሰ ትንሽ ገል ለመንኳትና የተሰበረ ጀበና ስባሪ ጨምሬ ሁለቱንም ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተትን። ያልተተኮሰው ዓይናቸው እያየ ጠርዙ እየተናደ እየተናደ ጭቃ ሆኖ ባልዲው ሥር ተኛ። የጀበናው ስባሪ እንዳለ ነው። አንዱ ልጅ ስባሪውን አውጥቶ አገላብጦ አይቶ "ቲቸር እሳቱ ነው እንዳይመለስ ያደረገው" አለ። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ሙዚየም ያለው ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን እያለ ይሄን እኔ በባልዲ መሥራት አልነበረብኝም። የክወናና የእይታ ጥበባት ሚባለውን ትምህርትም አስበው፣ ዕቃ የለንም፣ መጽሐፉ ላይ የክራር ሥዕል አለ፣ ክራር ግን የለም። ጀምረው፣ እኛ እንመጣለን።

ቅርስ_ጠባቂ፦

እኔ ስብስብ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ሐሳብህን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን "አትንኩ" ሚለውን ሙሉ ለሙሉ እንዳትተወው። መዝገብ ውስጥ የገባው ዕቃ አይነካም፣ በቃ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ በአግባቡ ይዞ የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል፣ ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ተጠያቂው አንተ ነህ። ሌላም ሰዎች የማያስቡት ነገር አለ፣ ድሮ በየአገሩ ያሉ ሙዚየሞች ብል እንዳይበላው ብለው ቆዳ፣ ላባና ፀጉር ያለበትን ዕቃ አርሰኒክና ዲዲቲ ሲረጩበት ኖረዋል፣ ታሪኩን የማታውቀውን አሮጌ የቆዳ ዕቃ ለልጅ አታስይዝ፣ ጉዳዩ ለዕቃው ብቻ አይደለም፣ ለልጁም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ካልክ፣ ሁለት ስብስብ ይኑርህ። አንዱ መስታወት ውስጥ ያለው፣ ሌላው ለመማሪያ ብለህ አዲስ ከሠሪዎቹ የምትገዛው። የመማሪያውን ለብቻው መዝግበው፣ ቁጥሩም የተለየ ይሁን፣ ምክንያቱም ይሰበራል፣ መሰበሩንም ቀድመህ በጀት ውስጥ አስገባው። የምትገዛው እዛው አካባቢ ካለች ሠሪ ከሆነ ደግሞ እንስራ በተሰበረ ቁጥር ለሷ ገበያ ነው።

ብራና ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው መጽሐፉን ማሳየት ይፈልጋል። የቆየውን መጽሐፍ እንዳታስገልጣቸው፣ የእጅ ላብና እርጥበት ብራናን ያኮማትረዋል። በምትኩ አንድ ብራና ፋቂ ፈልግ፣ ቁርጥራጭ ይተርፈዋል፣ እሱን ስጣቸው። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ፣ መወጠሪያ እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውም ፀጉሩም ተፍቆ እንደሚዘጋጅ በወሬ ስትነግራቸውና ራሳቸው ጥግ ይዘው ሲፍቁ አንድ አይደለም። ከዛ ደግሞ ቁራጩ ላይ በወስፌ መስመር አስምርላቸው። ጸሐፊው መስመሩን በቀለም ሳይሆን በሹል ነገር ተጭኖ ነው ሚያሰምረው፣ ስለዚህ በዓይን በደንብ አይታይም፣ ጣትህን ስታስኬድበት ግን ታገኘዋለህ። ልጆቹን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መስመሩን ፈልጉ በላቸው። ከዛ በኋላ መስታወቱ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ሲያዩ ጎንበስ ብለው መስመሩን ነው ሚፈልጉት፣ ማንም ሳይነግራቸው።

በገናውም እንደዛው። አዲስ በገና ውድ ነው፣ ግን ደርዳሪ ከነበገናው ጋብዝ። አሥሩን አውታር ይቁጠሩ፣ ከዛ አውታሩና ብርኩማው (የአውታሩ መደገፊያ) መሀል ያለችውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ አንዴ አውጥቶ አንዴ አስገብቶ ይደርድርላቸው። ያ ንዝረት የሚመጣው ከእንዚራዋ መሆኑን በጆሯቸው ይለያሉ።

ስድስት_ኪሎ፦

አለቆችህ ምርምር ነው ሚሉትን በተመለከተ ይቺን ንገራቸው። የአገራችን ትልቁ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስድስት ኪሎ ያለው ነው፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡትና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ሲመሠረት ሙዚየሙና ምርምሩ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የገቡት። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበር፣ ዕቃውን ደግሞ ከዛ አስቀድሞ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ላይብረሪያን የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነው ሲሰበስብ የቆየው። ግን እኔ ሁሌ ሚገርመኝ ሌላ ነው፣ በ1940ዎቹ የዚያ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው፣ እያንዳንዱ የመጣበትን አካባቢ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ሥራ፣ ወግ ጽፎ ያመጣና በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እናቱን አያቱን ጠይቆ የጻፈው ነገር ነው እንግዲህ ዛሬ ተመራማሪው ሚጠቅሰው። ስለዚህ ተማሪ በእጁ ሠርቶ መማሩና ምርምሩ ተለያይተው አያውቁም።

አንተም ይሄንኑ አድርግ። የታሪክና የቱሪዝም ተማሪዎችህን ኢንተርንሺፕ ሲወጡ እዚህ መድባቸው፣ ልጆቹ "እኛ ቤት አለ" ሲሉ የት፣ የማን፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ ስሙ በሰፈራቸው ምን እንደሚባል ይመዝግቡ። ያቺ የአራተኛ ክፍል ልጅ የነገረችህ መረጃ ነው እኮ።

ሌላ፣ ስድስት ኪሎ ሄደህ ከሆነ አቀማመጡ በዕቃ ዓይነት ወይ በብሔረሰብ አይደለም፣ በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፣ ልጅነት ብሎ ከመወለድና ከጨዋታ ይጀምርና አዋቂነት፣ ከዛ ሞትና ከሞት በኋላ እያለ ይሄዳል። ለልጆች ፕሮግራም ይሄ አካሄድ በጣም ይመቻል፣ ከራሳቸው ነዋ ሚጀምረው። ገበጣ አውጣላቸው፣ ባይኖርህ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ይጫወቱ። ከየሰፈሩ የመጣ ልጅ ሕጉን ለየብቻው ነው ሚያውቀው፣ እነሱ ሲከራከሩ አንተ ጻፍ።

የሸክላ_ሠሪ_ልጅ፦

ብዙ ጊዜ እዚህ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ይሄን ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔና እህቶቼ የተማርነው በጀበናና በምጣድ ነው። ትምህርት ቤት እያለን ግን እናታችን ምን እንደምትሠራ አንናገርም ነበር። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሰድቦኝ፣ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ መምህሩ ሰምቶ ዝም አለ። ከስድቡ ይልቅ ዝምታው ነው እስካሁን ያለው። ዳግማዊ ምኒልክ እኮ ገና በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቁም ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እያሉ ማንቋሸሽ አገሪቱን ባዶ ያስቀራታል ብለው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እኔ ክፍል ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነው የተቀመጥኩት።

ስለዚህ ወንድሜ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፣ እናቶቹን ስትጠራቸው ለትርኢት አትጥራቸው። ጥግ ላይ ቁጭ አድርገሃቸው ልጆቹ ከበው ፎቶ እያነሷቸው አንተ ማይክ ይዘህ "እንደምታዩት አሁን ጭቃውን እያቦኩ ነው" አትበል። እሷ ታስተምር። አንተ ከልጆቹ ጋ ቁጭ በል። ስታስተዋውቃትም ለዶክተሮቹ በምታደርገው ክብር አስተዋውቃት፣ መምህርት እገሌ ብለህ፣ በሯ ላይ ተቀብለህ፣ ወንበር ሰጥተህ። ልጆቹ መጀመሪያ የሚማሩት ጭቃውን አይደለም፣ አንተ እንዴት እንዳናገርካት ነው።

እና እውቀቱ ደግሞ ያስገርማችኋል። እናቴ አፈሩን ከሁለት ቦታ ነው ምታመጣው፣ አንዱ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሌላው ብቻውን አይያያዝም። አሮጌ ገል ወቅጣ ነፍታ ትቀላቅልበታለች፣ ለምን ስትላት "እሳት የሚያውቅ አፈር ይግባበት" ትላለች። አዲሱ ጭቃ እሳት ውስጥ ሲገባ እንዳይሰነጠቅ አንዴ እሳት ያየው እንዲደግፈው ማለቷ ነው። አንድ ጊዜ ተምሬ ስመጣ ይሄን ያህል ዓመት የሠራሽው ሴራሚክ ኢንጂነሪንግ ነው አልኳት፣ ሳቀች። ምጣዱ ጥላ ሥር ቀናት ይደርቃል፣ ፀሐይ ካገኘው ይጣመማል። ከዛ በኩበትና በጭራሮ ይተኮሳል፣ መውጫ ሰዓቱን በቀለሙ ነው ምታውቀው፣ ስታወጣው በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች፣ ድምፁ ከደነዘዘ የተሰነጠቀ ነው፣ ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮዋ ያገኘዋል። ይሄን ኳ ኳ ነገር ልጆቹን አስሞክራቸው። አንድ ደህና አንድ ስንጥቅ አስቀምጥና ዓይናቸውን ጨፍነው ይለዩ።

መጨረሻ ላይ ምጣድ ማሟሸትን አትርሳ። በጎመን ዘር ጥቁር እስኪል ማሸት ነው፣ ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ያወራሉ፣ እናቶቻቸው ደሞ ያውቁታል፣ ከዛ ወሬው ቤት ውስጥ ይቀጥላል።

አምስተኛ_ክፍል_ቲቸር፦

@የሸክላ_ሠሪ_ልጅ ስላንተ መምህር አዘንኩ። እኛ ክፍልም አሁንም ሚሰማ ነገር ነው። የኳ ኳውን ነገር የፊታችን ሳምንት ሞክረዋለሁ፣ እናትህንም አክብሬ ሰላም በልልኝ።

ፋይናንስ_ክፍል፦

ከፋይናንስ ሰው መልስ የጠበቀ ካለ ይኸው። "ደረሰኝ" ሚባለው ነገር ሥራውን ሊያስቆመው አይገባም፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ዘግይቶ መምጣቱና በዕቃ ግዢ መልክ መምጣቱ ነው። ሸክላ ሠሪዋን ዕቃ አቅራቢ ካደረግካት ፕሮፎርማ ውስጥ ትገባለህ። የአገልግሎት ክፍያ አድርገው፣ ለእንግዳ አስተማሪ እንደሚከፈለው፣ አጭር የውል ስምምነት በአማርኛ፣ ስንት ሰዓት ስንት ብር ሚል፣ መታወቂያዋ ኮፒ፣ ፊርማ ካልቻለች የጣት አሻራ ከሁለት እማኝ ጋ። በጀቱን ከማኅበረሰብ አገልግሎት ጠይቅ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይህ ዘርፍ አላቸው፣ ብዙ ጊዜም ፕሮፖዛል የሚያቀርብለት ነው ሚያጣው። መመሪያው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስለሚለያይ ከመጀመርህ በፊት ያንተን ፋይናንስ ኃላፊ ቁጭ ብለህ አናግረው፣ በደብዳቤ ብቻ አትላክለት።

አንድ ልመና ደግሞ፣ ክፍያው የዛኑ ቀን ይሁን። የዕለት ገበያዋን ትታ የመጣች እናትን "በሚቀጥለው ወር ይገባልሻል" ማለት ሁለተኛ እንዳትመጣ ማድረግ ነው። ትራንስፖርቷንም ለብቻው አስብ።

ከኦክስፎርድ_ሐበሻ፦

እኔ ምኖርበት ከተማ ፒት ሪቨርስ ሚባል የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አለ፣ በ1884 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው። ዋናው ዕቃ እንደታጨቀ መስታወት ውስጥ ነው፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ግን በእጃቸው ሚይዙት ለብቻው የተለየ ስብስብ አላቸው፣ ልክ ቅርስ ጠባቂ እንዳለው ማለት ነው። ከልጄ ክፍል ጋ ሄጄ ያየሁት፣ አስተማሪዋ ዕቃውን ስትሰጣቸው ስሙን አትነግራቸውም። ከምን ተሠራ? የትኛው ጎኑ አለቀ? ማን ይይዘዋል፣ በየትኛው እጅ? እያለች ትጠይቃለች። ያለቀው ጎን ሚለው ጥያቄ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ልጆቹ ወዲያው የሰውየውን እጅ ያገኙታል። ያንተ ልጆች ደግሞ ከኛ ልጆች ሚበልጡበት ነገር አለ፣ ዕቃው ከሌላ አገር የመጣባቸው አይደለም፣ ቤታቸው ያለ ነው፣ ጠይቀው ሚነግራቸው ሰው አላቸው። የኔ ልጅ እንዝርት ያየችው በመስታወት ነው።

የሙዚየም_ሠራተኛ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። በተለይ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የጻፍከውን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸዋለሁ። እውነት ለመናገር እኔም ሐሳቤ ውስጥ የነበረው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሲሠሩ ማሳየት ነበር፣ ማይኩን እኔ ነበርኩ ምይዘው። ቀይሬዋለሁ።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ሸክላውን ከበዓል በኋላ አድርጌዋለሁ፣ መድረቂያው ቀናት ስለሚፈልግ ልጆቹ ሁለት ጊዜ መምጣት አለባቸው፣ አንዴ ለመሥራት አንዴ ለመተኮስ። መጀመሪያ ምጀምረው በፈትል ነው። ሰፈራችን አንዲት በጣም የታወቁ ፈታይ እማማ አሉ፣ ትናንት ቡና ይዤ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሐሳቤን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ለልጆች ማለት ነው? እስካሁን ሳይማሩ ነው እንዴ የቀሩት?" አሉኝ። ከዛ እንዝርቱን አስያዙኝ። ሙዚየም ውስጥ ስለ እንዝርት ስንት ዓመት ያስረዳሁ ሰው ነኝ፣ በእጄ ይዤው ግን አላውቅም ነበር። ባዘቶውን፣ የተነደፈውን ጥጥ ማለት ነው፣ በግራ እጅ ይዤ እንዝርቱን ጭኔ ላይ ሳሽከረክረው ክሩ አንድ ክንድ እንኳን ሳይሞላ ይበጠሳል፣ ደግሜ ይበጠሳል። እሳቸው የተበጠሰውን ጫፍ ባዘቶው ላይ ለጠፍ አድርገው በሁለት ጣት ጠምዘዝ ሲያደርጉት ቋጠሮ ሳይኖረው ይቀጥላል፣ የተቀጠለበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። "የግራ እጅህ ስስታም ነው፣ ልቀቅለት" አሉኝ። ይሄን የትኛውም ጽሑፋችን ላይ አላገኘሁትም፣ ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ በሳቸው አነጋገር።

ጥጥ ከነፍሬው ገዝቼ ልጆቹ ፍሬውን በመዳመጫ ከማውጣት ይጀምራሉ፣ ከዛ እማማ በደጋን ይነድፉላቸዋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዛ ይፈትላሉ። በአንድ ጊዜ 30 ልጅ፣ ሁለት ሰዓት። ልቃቂቱን ሰብስበን ለሸማኔው እንሰጥና ልጆቹ የፈተሉት ድር (ሸማኔው የሚወጥረው ክር) ሳይሆን ማግ (በድሩ መሀል የሚገባው ክር) ሆኖ አንድ ነጠላ ላይ ይግባ ብለዋል እማማ፣ የልጅ ፈትል ድር ቢሆን ይበጠሳል፣ ማግ ሲሆን ግን ውፍረቱ ቢለያይም ይችለዋል። ነጠላውን ክፍላቸው ውስጥ ይሰቅሉታል።

አሁን የቀረኝ 30 እንዝርት ነው። እኛ ከተማ ገበያ ላይ አራት ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ሻጩ ማን ይገዛኛል ብዬ ላምጣ ነው ያለኝ። የት እንደሚገኝ ምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ መዳመጫም አንድ ተጨማሪ እፈልጋለሁ።

የሸክላ_ሠሪ_ልጅ፦

መዳመጫው እኛ ቤት አለ፣ ድንጋዩም ብረቱም፣ የአክስቴ ነበር። እንዝርት ሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ እናቴ ገበያ አጠገብ ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እሷን ላናግርልህ፣ 30 ካልካቸው ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ መሰለኝ። ለልጅ እጅ አጠር ይበል ወይስ ልኩን? እሱን ጽፈህ ኢንቦክስ ላክልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት እደውልላታለሁ።